ከጋፋት እስከ ጃፋ



ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ጋፋት አጠገብ ይደርሳል። ስሟን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ጋፋት ሲባል ሴባስቶፖል፣ ሴባስቶፖል ሲባል ጋፋት ይታወሳል። መቅደላ አምባ ላይ እስከ ዛሬ የሚታየው፣ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለው መድፍ የተሠራው እዚያ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው። ይህ ሁሉ በተማሪ መጽሐፍ አለ። የሌለው መድፉን የሠሩት ፈረንጆች ቤት ነው። እነዚያ ፈረንጆች ማንን አገቡ? ልጆቻቸው ማን ተባሉ? ጋፋት ከፈረሰች በኋላስ የት ገቡ?

የዛሬው ንግግር ስለዚያ ቤት ነው። ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የባዕድ አገር ሰው በሩቅ ምድር ጎጆ ቀልሶ፣ ወልዶ ከብዶ ስለ መቅረቱ ሲነሣ ዓለም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሰው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶችን ነው። ከእነዚያ አንዷ ፓልመርስተን የምትባል የኩክ ደሴቶች ቁራጭ መሬት ናት። በ1863 ዊልያም ማርስተርስ የተባለ እንግሊዛዊ በታሂቲ ይነግድ ለነበረ ለጆን ብራንደር ኮኮናት ሊተክልና የደረቀ ፍሬውን ሊያዘጋጅ ከፖሊኔዥያውያን ሚስቶቹ ጋር እዚያ ሰፈረ። ነጋዴው ሲሞት ደሴቷ ለማርስተርስ ቀረች። እሱም መሬቱን፣ ሪፉንና አሸዋውን ለሦስቱ ሚስቶቹ ልጆች በሦስት ከፈለ፤ ከአንዱ ወገን የተወለደ ከዚያው ወገን እንዳይጋባም ሕግ አወጣ። በ1899 ሞተ። ዛሬም በደሴቷ የሚኖሩት ጥቂት ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ማርስተርስ ናቸው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ የጎጃምና የጎንደር ሰው የማርስተርስ ሕግ እንግዳ አይሆንበትም፤ እንዲያውም ላላ ያለ ሳይመስለው አይቀርም።

በዚያው በ1863 ጋፋት ላይ ወናፍ ይነፋ ነበር። የሁለቱ ቦታ ታሪክ ግን ከመነሻው ይለያያል። ማርስተርስ ሰው ያልነበረባት ደሴት ላይ ጌታ ሆነ። በጣና ዙሪያ ግን በዚያ ዘመን ጌታ ሞልቷል፦ ንጉሥ አለ፣ ባላባት አለ፣ ገዳም አለ፣ ርስተኛው ገበሬ አለ። እዚህ የሚመጣ ፈረንጅ በንጉሡ ፈቃድ ይኖራል፣ በንጉሡ ቀለብ ያድራል። መሬት የሚነካው በሚስቱ በኩል ነው። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር፣ የፈረንጁ ልጅ አባቱ ከየትም ይምጣ በእናቱ ወገን ባላገር ነው። የእነዚህን ቤተሰቦች ታሪክ በአባቶቹ ስም ብቻ መተረክ ግማሹን መጣል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቀድሞ የመጣው ጆን ቤል ነው። እንግሊዛዊው ቤል በ1840ዎቹ መጀመሪያ ገባ፤ ወዳጁ ዋልተር ፕላውደን በ1843 ተከተለው። ሁለቱንም የሳባቸው የዓባይ ምንጭ ወሬ ነበር። ፕላውደን ወደ አገሩ ተመልሶ ቆንስል ተብሎ መጣ፤ በ1849 ከጊዜው ገዥ ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። የውሉ ነገር ከወረቀት አላለፈም፤ ራስ ዓሊም አራት ዓመት ሳይሞላ አይሻል ላይ ተሸነፉ። ቤል ግን ውልም ቆንስላም አላሻውም። አማርኛ ለመደ፣ ኩታ አጣፋ፣ የአገር ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ፤ መጀመሪያ ለራስ ዓሊ፣ በኋላ ለዐፄ ቴዎድሮስ አደረ። ቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ አሉት። በጦር ሜዳ ጠላት ንጉሡን እንዳይለይ ንጉሡን መስሎ የሚለብስ ሰው ነው ሊቀ መኳስ፤ ለባዕድ የሚሰጥ ሹመት አይደለም፤ የሚሰጠው ሞቱ የታመነለት ሰው ነው። ቤልም አላሳፈረም። በ1860 ፕላውደን በሽፍታው በጋረድ ሰዎች እጅ ቆስሎ ሞተ፤ ጥቂት ቆይቶ ቤል ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ለንጉሡ ሲከላከል ወደቀ።

ቤል ሲወድቅ ሴቶች ልጆቹ ቀሩ። አንደኛዋ ሱዛን ትባላለች። የእሷን መንገድ ለመከተል ጋፋት መግባት ያስፈልጋል።

ጋፋት በመጀመሪያ የሚሲዮን ሐሳብ ነበረች። በወጣትነቱ በኢትዮጵያ የሰበከው፣ በኋላ የኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት፣ ካህን ቢልክ እንደሚባረር ስላወቀ ሌላ ዘዴ አሰበ፤ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪስኮና ትምህርት ቤት የእጅ ሙያ ያላቸውን ወጣቶች መርጦ፣ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አስይዞ ላከ። (መጽሐፍ ቅዱሱን ካይሮ ተቀምጠው ወደ አማርኛ የመለሱት አባ አቡ ሩሚ የጎጃም ሰው ነበሩ፤ መጽሐፉ በፈረንጅ ሻንጣ ወደ ተርጓሚው አገር ተመለሰ ማለት ነው።) ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፣ ካርል ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንትስለን የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ንጉሡ መጽሐፉን በአክብሮት ተቀበሉ፤ የፈለጉት ግን እጃቸውን ነበር። መንገድ ጥረጉ አሏቸው፣ ጠረጉ። ሠረገላ ሥሩ አሏቸው፣ ሠሩ። በመጨረሻ መድፍ አሏቸው። መድፍ አንሠራም፣ ወንጌል ሰባኪዎች ነን ቢሉ የሚሰማቸው አልነበረም።

ቫልድማየር የቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ። ዛልሙለር ሌላዋን የቤል ልጅ አገባ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በዚያን ዘመን ብረት ቀጥቃጭ በደጋው ኅብረተሰብ የተናቀ፣ ቡዳ ተብሎ የሚፈራ ሰው ነው። ከቀጥቃጭ ቤት ሚስት አይወሰድም፤ ለቀጥቃጭም ልጅ አይሰጥም። ጋፋት ላይ ግን የሊቀ መኳስ ልጅ ለብረት አቅላጭ ትዳራለች፤ የቤተ መንግሥት እመቤት ልጅም እንዲሁ። የፈረንጁ ብረት ከቤተ እስራኤሉ ብረት በምን ተለየ? የተለየው በንጉሡ ፈቃድ ብቻ ነው። ቴዎድሮስ ቀጥቃጭን መናቅ አገር እንደሚጎዳ የገባቸው ንጉሥ እንደነበሩ የዘመኑ ታሪክ ይመሰክራል። ቢሆንም በዚያች ኮረብታ ላይ የተከበረው የፈረንጅ እጅ እንጂ የአገሬው ቀጥቃጭ እጅ አልነበረም፤ ጋፋትን የሥልጣኔ መጀመሪያ አድርገው የሚያወሱ ሁሉ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

የቤተ መንግሥት እመቤት የተባለችው የጎንደሯ እሴተ ወርቅ ናት። ባሏ ኤድዋርድ ዛንደር ይባላል፤ በ1813 በጀርመን አንሃልት የተወለደ ሠዓሊ ነው። በ1847 መጥቶ የሰሜንና የትግሬ ገዥ ለነበሩት ለደጃዝማች ውቤ አደረ። የዕፅዋት ሊቁ ቪልሄልም ሺምፐርም በውቤ ዘንድ ነበር፤ ሁለቱ ጀርመኖች ደጃዝማች ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ሥራ እጃቸውን አስገብተዋል። ያችን ቤተ ክርስቲያን ውቤ ያሠሯት ለራሳቸው ንግሥ ነው ይባላል። በየካቲት 1855 ውቤ እዚያው ደረስጌ ላይ ተሸነፉና ካሣ ኃይሉ በውስጧ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዛንደርም ከአሸናፊው ጋር ቀረ፤ ሠዓሊው የጦር መሣሪያ አዋቂ ሆነ። በእርግጥ ምርጫ አልነበረውም።

ዛንደርና እሴተ ወርቅ በ1850 የወለዷት ልጅ ካታሪና ትባላለች፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ኢየሱስ። ወለተ ኢየሱስን ያገባት በ1838 በክራኮው ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በኋላ ፕሮቴስታንት የሆነ ሞሪትዝ ሆል የሚባል ፖላንዳዊ ነው። ሆል ከጋፋት ዋነኛ መድፍ አቅላጮች አንዱ ነበር።

ስለ ጋፋት ሲወራ ምድጃው ብቻ ይታያል። እውነት ነው፣ ምድጃው ያስደንቃል፤ የመጀመሪያው እሳቱን አልቻለም፣ ዳግም ተሠራ፣ ከቅርጹ ላይ ጭቃው ተነሥቶ ነሐሱ በአንድነት ቆሞ ሲታይ ንጉሡ በደስታ ያደረጉትን ቫልድማየር ጽፎታል። ነገር ግን ከምድጃው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ጎጆ አለ፤ ጎጆው ውስጥ በጀርመንኛ የሚጸልይ አባት፣ በአማርኛ የምትቆጣ እናት፣ ሁለቱንም የሚሰማ ሕፃን አለ። ንጉሡ ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። በ1866 ሚሲዮናዊው ፍላድ ሠራተኛና መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ሲልኩት ሚስቱንና ልጆቹን ይዘው አስቀሩ። መያዣ ነበሩ። የጋፋት ፈረንጆች ከአገር ሴት መጋባታቸውም፣ በፍቅር ይሁን በሌላ፣ ለቴዎድሮስ የማይፈታ ሰንሰለት ነበር፤ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ሌሊት ተነሥቶ ወደ ምጽዋ አይጠፋም።

በዚያው ዓመት ነገሩ ሁሉ ወደ ጣና ሐይቅ ወረደ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም በምሥራቁ ዳር በቆራጣ ተቀመጠ። ቆራጣ ያኔ የዛሬዋ ጸጥተኛ መንደር አይደለችም፤ የወለተ ጴጥሮስ ደብር ያለባት፣ የጎንደርንና የጎጃምን ገበያ የሚያገናኙ ባለጸጎች ከተማ ናት። የንጉሡ ሰፈር ማዶ ዘጌ ላይ ነው። የጋፋት ሰዎችም ተጠርተው መጡ፤ በታንኳ ወዲያና ወዲህ ይመላለሱ ጀመር። ቴዎድሮስ በደንገል ታንኳ ላይ በእጅ የሚዞር መንኰራኩር አስገጥመው የእንፋሎት መርከብ ወንድም ለማድረግ የሞከሩት በዚሁ ሰሞን ነው። ሙከራው አልሰመረም። በሚያዝያ ወር ራሳምና ጓደኞቹ ዘጌ ላይ ታሰሩ፤ ክረምቱን ደግሞ ኮሌራ ገብቶ ሰፈሩን ፈጀው። ባሕር ዳር በዚህ ሁሉ መሐል ስሟ እምብዛም አይነሣም፤ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች መንደር ነበረች።

በጥቅምት 1867 ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ፣ የጋፋት ሰዎች ፊት ፊት መንገድ እየናዱ፣ ጅዳን ወርደው በሽሎን ተሻግረው መጋቢት ላይ ደረሱ። ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ የተጻፈው ስለ ጽናትና ስለ ብረት ነው። ወለተ ኢየሱስ ሆል በዚያ ጉዞ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሴት ልጇ በ1868 ተወለደች፤ አምባው በእንግሊዝ ጦር በተያዘበት በዚያው ሰሞን። ስሟን ማግዳሌና አሏት፤ ከመቅደላ ጋር እንዲገጥም ነው።

ቴዎድሮስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሞቱ። ራሳምንና ጓደኞቹን ሊያስፈታ የእንግሊዝን ጦር መርቶ የመጣው ጄኔራል ናፒየር አምባውን አቃጥሎ ሲመለስ እስረኞቹንም ሠራተኞቹንም ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ይዞ ወጣ። የንጉሡ ልጅ፣ ልጅ ዓለማየሁ፣ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ነበር፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ በመንገድ ዐረፉ። ሰልፉን ሁሉም ያውቀዋል፤ በልጅ ዓለማየሁ ያለቀሰ ግን ሱዛን ቤልንና ወለተ ኢየሱስን አያስታውስም። እነሱም የበጌምድርና የጎንደር ልጆች ናቸው፤ እነሱም ከእናት አገራቸው ወጥተው ቀሩ። ሽማግሌው ዛንደር የባሕር ጠረፍ ደርሶ በዚያው ዓመት ሞተ። ሺምፐር ግን እምቢ አለ፤ በአድዋ ቀርቶ በ1878 እዚያው ተቀበረ።

የቫልድማየር ቤተሰብ ወደ ሊባኖስ አቀና። ባልየው በ1873 ከቤሩት በላይ ብሩማና በምትባል ተራራማ መንደር ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ኩዌከሮች ደገፉት፤ ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ ያስተምራል። ቀጥሎ በ1896 ለአእምሮ ሕሙማን የሚሆን አስፉሪያ የተባለውን ሆስፒታል መሠረተ፤ በመካከለኛው ምሥራቅ በዘመናዊ መንገድ ከተቋቋሙት ቀደምቶቹ አንዱ ነው። ለቴዎድሮስ መድፍ ያቀለጠ እጅ ሰንሰለት የሚፈታ ሆስፒታል መሥራቱ በራሱ ሌላ ንግግር ያሻዋል። የብሩማናን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች መሥራቹን ያወድሳሉ፤ የሊቀ መኳስ ልጅ ሱዛን ግን ብዙውን ጊዜ «ባለቤቱ» ተብላ ታልፋለች።

ሆሎች ጃፋ ገቡ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ በምትባለው የወደብ ከተማ። ሞሪትዝ በጀርመኖች ሰፈር ሆቴል ያዘ፤ ከመድፍ አቅላጭነት ወደ እንግዳ ተቀባይነት ተዛወረ። ልጆች በረከቱ። በመቅደላ የተወለደችው ማግዳሌና በ1888 ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የሚባል፣ ከሩሲያ ወጥቶ የሉተርን ሃይማኖት የያዘ ባለጸጋ ባሮን አገባች። ባሮኑም በጃፋ ኦቴል ዱ ፓርክ የተባለ ሆቴልና ትልቅ የአትክልት ስፍራ ነበረው። በ1898 የጀርመኑ ቄሣር ዳግማዊ ቪልሄልም ወደ ኢየሩሳሌም ሲያልፉ ያደሩት በዚህ ሆቴል ነው። የቄሣሩ አስተናጋጅ ባሮኒት የጎንደሯ የእሴተ ወርቅ የልጅ ልጅ መሆኗን ስንቱ መኳንንት አውቆ ይሆን?

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ እጅግ የሚያስገርመው ግን በ1935 ነው።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ በርሊን በምሥጢር አንድ ሰው ላኩ። የተላከው ዳዊት ሆል ነው፤ የሞሪትዝና የወለተ ኢየሱስ ልጅ፣ ወደ እናቱ አገር ተመልሶ የመንግሥት አማካሪ የሆነ ሰው። በሐምሌ ወር የጀርመንን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አነጋገረ። ሂትለር በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ምክንያት ከሙሶሊኒ ጋር ተቃቅሮ ነበር፤ ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ ቢዘገይ ይጠቅመዋል። ስለዚህ ሦስት ሚሊዮን ማርክ ተፈቀደ፤ መሣሪያው በድብቅ ተላከ። አባትየው ለቴዎድሮስ መድፍ አቀለጠ፤ ልጅየው ለኃይለ ሥላሴ ጠመንጃ ፍለጋ ወጣ።

የዳዊት የእኅት ልጅ ዮና ፎን ኡስቲኖቭ፣ የማግዳሌና የበኩር ልጅ፣ በ1892 በጃፋ የተወለደ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን በአውሮፕላን ተዋግቷል፤ በኋላ በለንደን የጀርመን ኤምባሲ የፕሬስ ሠራተኛ ሆነ። ናዚዎች የዘር ንጽሕናህን አስመስክር አሉት። እናቱ መቅደላ የተወለደች፣ አያቱ የጎንደር ልጅ፣ ወንድ አያቱ የክራኮው አይሁድ የሆነ ሰው ምን ብሎ ያስመስክር? ሥራውን ለቀቀ፤ በ1935 የእንግሊዝ ዜግነት ወሰደ፤ ለእንግሊዝ የስለላ ድርጅት መሥራት ጀመረ። ይህ ማለት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አጎትየው በርሊን ገብቶ ለኢትዮጵያ መሣሪያ ይለምናል፣ የእኅቱ ልጅ ደግሞ በዚያው መንግሥት የዘር ሕግ ምክንያት ጀርመንነቱን ይጥላል። የወለተ ኢየሱስ ልጅና የልጅ ልጅ ናቸው።

የዮና ልጅ ፒተር ኡስቲኖቭ በ1921 ለንደን ውስጥ ተወለደ። ተዋናይ፣ ደራሲ፣ ቀልደኛ፣ የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር፤ «ስፓርታከስ» እና «ቶፕካፒ» በተባሉት ፊልሞች ሁለት ጊዜ ኦስካር የወሰደ። በ1978 በወጣው «ሞት በናይል ላይ» በተባለው ፊልም ብልሁን መርማሪ ፖይሮን ሆኖ ተጫውቷል፤ የአያቱ አያት የጣና አገር ሴት የሆነች ሰው ስለ ዓባይ ፊልም መሥራቱ ለባሕር ዳር ሰው ቢያንስ ፈገግታ የሚገባው ነው። ራሱ ኢትዮጵያዊ ደሙን አልሸሸገም፤ በ1977 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩም የአያቱን ትውልድ ከመቅደላ ጋር አያይዞ ያወሳል። በ2004 ዐረፈ።

እንግዲህ የፓልመርስተን ልጆች በደሴታቸው ቀርተው የአባታቸውን ስም ይዘዋል። የጋፋት ልጆች በሊባኖስ፣ በጃፋ፣ በበርሊን፣ በለንደን ተበትነዋል። የአባቶቹ ደብዳቤና መጽሐፍ በባዝል ታትሞ፣ በለንደን ታትሞ ይገኛል፤ ቫልድማየር ብቻውን ሁለት ጊዜ ጽፏል። የእናቶቹ ወገን ጽሑፍ አልተወም፤ ቢሆንም በጎንደርና በደብረ ታቦር የርስት ቆጠራ የለመዱ ቤተሰቦች በትውልድ ሐረጋቸው ውስጥ «ወደ ፈረንጅ አገር የሄደች» የሚሏት አክስት ልትኖር ትችላለች። የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ጋፋትን ሊያዩ ሲወጡ የምድጃውን ፍርስራሽ ፎቶ ከማንሣት ሌላ ሥራ አላቸው፦ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ዘንድ ተቀምጠው የቤልን ሚስት ዘመዶች፣ የእሴተ ወርቅን ዘመዶች በስም ማስቆጠርና መመዝገብ።